ጭስ፣ ኢስትሮጅንና የሴቶች ሳንባ

የሳንባ ካንሰር ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሲጋራ፣ ከሲጋራም ወደ ወንዶች ነው። በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ አስተሳሰብ ይበልጥ የጸና ነው። ሲጋራ የምታጨስ ሴት ማየት ብርቅ ነው፤ ትምባሆ በቤተ ክርስቲያንም ዘንድ የተነወረ ነው። ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ ያደረጓት አፄ ዮሐንስ አራተኛም ትምባሆን ከልክለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ከመቶ ሴቶች የሚያጨሱት አንዷ ገደማ፣ ከመቶ ወንዶች ደግሞ ስድስት ገደማ ነበሩ። አለማጨስና ጭስ አለመሳብ ግን ለየቅል ናቸው።

ከጉና ተራራ ግርጌ ያሉ ቤቶችን ገብቶ ያየ ያውቀዋል። ብርዱ ስለሚያይል በሩ ይዘጋል፤ ምድጃው ከመኝታው ብዙም አይርቅም። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል፤ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ፣ ሲጠፋም ኩበት ይማገዳል። ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥብ ስለሚሆን ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። ጋጋሪዋ ጎንበስ ብላ እፍ እያለች እሳቱን ታነሳለች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ብዙ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አለ። ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ጥቀርሻ የዚያ ጭስ ትራፊ ነው። ጠላ ለሚጠምቁና አረቄ ለሚያወጡ እናቶች ደግሞ ጭሱ ውሎ የሚያድር ነው።

የምድጃውና የሲጋራው ጭስ በመጠንም በጉዳትም ቢለያዩ በአንድ ነገር ይገናኛሉ። የትምባሆ ቅጠልም ሆነ እንጨት በቅጡ ሳይነድ ሲቀር ቤንዞፓይሪን የሚባል መርዝና መሰሎቹ ይፈጠራሉ። መርዙ የሳንባ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ሕዋሱ ሊያስወግደው ኢንዛይሞችን ያመርታል። ችግሩ፣ ኢንዛይሞቹ መርዙን ሲሰባብሩት ከስብርባሪው አንዳንዱ ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ ዲኤንኤ ላይ ይለጠፋል። የካንሰር መነሻው እዚህ ላይ ነው።

ኢስትሮጅን የሚገባውም በዚሁ በር ነው። የሴት ሆርሞን ይባል እንጂ በወንድም ሰውነት አለ፤ የወር አበባንና እርግዝናን ይመራል፤ አጥንትን ያጸናል። ጭሱ ከቀሰቀሳቸው ኢንዛይሞች አንዱ፣ ሲዋይፒ1ቢ1 የሚባለው፣ መርዙን ብቻ ሳይሆን ኢስትሮጅንንም ይሰባብራል፤ ከዚህም ዲኤንኤን መጉዳት የሚችል ተረፈ ምርት ይወጣል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሚገኘው የፎክስ ቼዝ ካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች የሲጋራ ጭስ የሳቡ አይጦችን ሳንባ ሲመረምሩ ይኸው ተረፈ ምርት ጨምሮ አግኝተውታል። ከዚህ ሌላ ኢስትሮጅን ሕዋሶች እንዲባዙ የመገፋፋት ጠባይ አለው፤ በሳንባ ዕጢዎች ላይም የኢስትሮጅን ተቀባዮች ይገኛሉ። በዚህ በኩል ሲታይ እንክርዳዱን የሚዘራው ጭሱ ነው፤ ኢስትሮጅን ዝናቡ ነው።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃ እንደ አይጡ የጠራ አይደለም። ከ16 ሺህ በላይ ያረጡ አሜሪካውያን ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ባደረገው ውጤት፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የሚባል ሌላ ሆርሞን አንድ ላይ ከወሰዱት በሳንባ ካንሰር የሞቱት 73፣ ካልወሰዱት 40 ነበሩ። ኢስትሮጅንን ብቻውን በወሰዱ ሴቶች ላይ በተደረገው ተጓዳኝ ጥናት ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። ስለዚህ «ኢስትሮጅን የሳንባ ካንሰር ያመጣል» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ወሬው ቶሎ ወደ ወሊድ መከላከያ ስለሚዞር ነው። በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌ ኢስትሮጅን የለውም፤ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም የለውም። ያለው በየቀኑ በሚዋጠው የተለመደው ክኒን ውስጥ ነው። ዕድሜዋ ከ35 ያለፈ አጫሽ ሴት ክኒኑን እንዳትወስድ የሚመከረውም ለልቧና ለአንጎሏ የደም ሥሮች ተፈርቶ ነው እንጂ በሳንባ ካንሰር ምክንያት አይደለም። ካንሰር ፈርታ መርፌዋን ያቋረጠች እናት የምታተርፈው ያላሰበችውን እርግዝና ነው።

መቀነስ ያለበት ጭሱ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጭስን በእርግጠኝነት ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል፤ የእንጨት ጭስን ደግሞ የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው ከሚላቸው ጋር። በቻይና ሹዋንዌይ በተባለ አካባቢ ሲጋራ የማያጨሱ ሴቶች በድንጋይ ከሰል ጭስ ምክንያት በሳንባ ካንሰር በብዛት ይሞቱ ነበር። ምድጃቸው ላይ የጭስ መውጫ ያሠሩ ቤተሰቦች ከዓመታት በኋላ ሲታዩ አደጋው ወደ ግማሽ በሚጠጋ ቀንሶ ተገኘ። ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ የሴቶቹን ሆርሞን የነካ አልነበረም።

እኛም ዘንድ ዝግ የሆነው ምርጥ ምድጃ፣ ለብቻው የተሠራ ማድ ቤት፣ ጣሪያ ላይ የተከፈተ የጭስ መውጫ፣ ከክረምት በፊት ደርቆ የተከመረ እንጨት ጭሱን ይቀንሳሉ። ባልም ሲጋራውን ከቤት ያውጣ። የሚያጨስ ባል ያላት፣ ራሷ ግን የማታጨስ ሚስት በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ ጓዳ ድረስ ግን አይገባም።

ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ሲኖር በአገራችን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የቲቢው ምርመራ ነጻ ሆኖ ወይም መድኃኒቱ አልቆ ሳሉ ካልተወ፣ አክታው ደም ከቀላቀለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጠየቅ። እዚያም ሐኪሙ «እማማ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» ሲላቸው «ኧረ በስመ አብ!» ብለው ዝም አይበሉ። ስንት ዓመት ምድጃ ሥር እንደጋገሩ፣ አረቄ ያወጡ እንደነበር፣ ባለቤታቸው ያጨሱ እንደሆነም ይንገሩት።