ጉልበቱ ራጂው ላይ ነው

የሚኒሶታ ከፍተኛ ቦታ ኢግል ማውንተን ይባላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 701 ሜትር ነው። ቆላ የምንላት ድሬዳዋ እንኳ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት። ስለዚህ እንጦጦን የወጣ ሰው ሚኒያፖሊስ ወይም ሴንት ፖል ውስጥ የተራራ ብስክሌት የሚጋልብ አይቶ ቢስቅ አይፈረድበትም። ሳቁ ግን ሌባነን ሂልስ እስኪደርስ ነው። ኢገን ከተማ ያለው ይህ ፓርክ የጥንቱ የበረዶ ግግር አግበስብሶ ጥሎት በሄደው የአፈርና የድንጋይ ክምር ላይ ያረፈ ነው፤ ዳገቱ አጭርና ድንገተኛ፣ ቁልቁለቱ በዛፍ ሥርና በድንጋይ የተሞላ። ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ ደግሞ እዚያው ሚኒያፖሊስ ጥግ ላይ ነው። በብሉሚንግተን በኩል በሚኒሶታ ወንዝ ዳር የሚሄደው ሪቨር ቦተምስ ሜዳ ነው፣ ግን አሸዋ ነው፣ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ጭቃ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ክረምቱንና አስፋልት ላይ የሚበተነውን ጨው ጨምሩበት።

ለዚህ አገር የሚስማማው ብስክሌት ሃርድቴይል ነው፤ ከኋላ ሾክ የሌለው፣ ከፊት ሊኖረውም ላይኖረውም የሚችል የተራራ ብስክሌት ማለት ነው። ሱቅ ገብቶ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ከፊትም ከኋላም ሾክ ወዳለው ይመራል፤ ሃርድቴይል የጀማሪ ወይም ገንዘብ ያጠረው ሰው ምርጫ ተደርጎ ይታያል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከኋላ ሾክ ያለው ብስክሌት ቴላዮው በየመጋጠሚያው ኩሽኔታ አለው፤ እያንዳንዱ ኩሽኔታ ጨውና አሸዋ የሚገባበት በር ነው። ሃርድቴይል ያንን ሁሉ አያውቅም። በዚያ ላይ ለሾኩ የሚወጣው ገንዘብ ይተርፋል፤ የተረፈው የት መግባት እንዳለበት ከታች እመጣበታለሁ።

ቴላዮውን በተመለከተ የመንትዮቹ ከተሞች፣ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል፣ ነዋሪ ዕድለኛ ነው። ሰርሊ የተባለው የብስክሌት ስም የሚገኘው እዚሁ ብሉሚንግተን ውስጥ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው ኳሊቲ ባይሲክል ፕሮዳክትስ በተባለው የመለዋወጫ አከፋፋይ ሥር ነው። የሰርሊ ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዙት 4130 ተብሎ የሚታወቀውን ክሮሞሊ ብረት ነው። ከአልሙኒየም ይከብዳል፤ ቢመታ ግን ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ቢሰበርም ብየዳ የሚችል ሰው ይጠግነዋል። ካራቴ መንኪ የተባለው ቴላዮአቸው ባለ 29 ኢንች መንኮራኩር ሲሆን እስከ 2.5 ኢንች፣ ባለ 27.5 ሲሆን እስከ 3 ኢንች የሚሰፋ ጎማ ይቀበላል። የኋላ እግሩ ስፋት 145 ሚሊ ሜትር ተደርጎ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ ብረቱ ትንሽ ስለሚለጠጥ 142ም 148ም የሆነ ሞዞ ይገባበታል። ፋብሪካዎች በየጥቂት ዓመቱ ልክ እየቀየሩ ያለንን ዕቃ ሲያስጥሉን፣ እንዲህ ያለ ቸርነት ያሳየ አምራች ምስጋና ይገባዋል።

የእነዚሁ ሰዎች ሌላ ሥራ ፐግስሊ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ባለ 3.7 ኢንች ጎማ የበረዶ ብስክሌት በፋብሪካ ደረጃ ተመርቶ ለማንም ሱቅ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን የሚሠሩት አላስካና ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የምወድለት ነገር የፊት ሹካው ነው። ስፋቱ ከኋላው እኩል 135 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መንኮራኩሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከሰው ርቆ በረዶ መሀል የኋላው ሞዞ ውስጡ ቀዝቅዞ ፔዳሉ በባዶ ቢዞር፣ አስቀድሞ ጥርስ የተገጠመለትን የፊቱን መንኮራኩር አውጥቶ ወደ ኋላ አድርጎ ወደ ቤት መግባት ይቻላል። ከተማ ውስጥ ለሚጋልብ ሰው ይህ አያስፈልገውም። ግን ዕቃ እንዲህ ታስቦ ሲሠራ ደስ ይላል።

ብረት ይዝጋል ለሚሉ፦ አዎ ይዝጋል፣ የሚዝገውም ከውስጥ ነው። ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ቱቦዎቹ ውስጥ ፀረ ዝገት ይረጫል። አንዳንድ አሮጌ የቴላዮ ሠሪዎች የሚጠቀሙት የተልባ ዘይት ነው፤ ሲደርቅ ብረቱ ላይ ጠንካራ ሽፋን ይሠራል። ተልባን ለሆድ ብቻ የምናውቅ ሰዎች ብንሰማው አይከፋም።

የፊት ሾክ ላይ ብዙ አልቆይም። በበጋ ለሌባነን ሂልስ ጥሩ ነው። በጥር ቅዝቃዜ ውስጡ ያለው ዘይት ይወፍራል፣ ጎማ ማኅተሙ ይደርቃል፣ ሾኩም የማይሠራ ከባድ ሹካ ይሆናል። ስለዚህ ለክረምት ተራ የብረት ሹካ ይበቃል፤ ሰፊ ጎማ በትንሽ ነፋስ ሲጋለብ የሾኩን ሥራ በከፊል ይሠራል።

ሰው ሁሉ ገንዘቡን በሾኩና በማርሹ ላይ ይጨርስና መንኮራኩሩን በተረፈው ይገዛል። ጠንካራ ሃርድቴይል የሚገጥም ሰው ይህን መገልበጥ አለበት። ከኋላ የሚያበርድ ነገር ስለሌለ የድንጋዩ ምት ጎማውን አልፎ በቀጥታ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ፣ ከቸርኬው ደግሞ ራጂዎቹ ላይ ነው፤ ከሞዞው ወደ ቸርኬው የተዘረጉት ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ። ስለ ራጂ ደግሞ ከሰው አእምሮ የማይወጣ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ።

ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ብስክሌቱን እየገፋ መጣና፣ «ጋሼ፣ የኋላው ራጂ እየደጋገመ ይሰበርብኛል። ያሠራሁበት ሱቅ ከመጠን በላይ ጠብቆ ነው ብለው ሁሉንም አላሉልኝ፤ አሁን ጭራሽ ባሰበት» አለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያሉ ራጂዎች በጣቶቼ ጨመቅኳቸው፤ እንደ ልብ ተጠጋጉ። «የኔ ልጅ፣ እየገደለህ ያለው መላላቱ ነው» አልኩት። አላመነኝም፤ የሚያምንም ብዙ ሰው አላገኘሁም። የተወጠረ ነገር ቶሎ ይበጠሳል ብለን ስላደግን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደንብ የተሠራ መንኮራኩር ላይ እያንዳንዱ ራጂ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ተወጥሯል። ራጂዎቹ 32 ከሆኑ ሲደመር ከ3 ቶን ያልፋል፤ ማንም ሳይቀመጥበት። ሰው ሲቀመጥበት ቸርኬው ከመሬቱ ጋር በሚነካካበት በኩል ትንሽ ጠፍጠፍ ይላል፣ እዚያ ያሉት ጥቂት ራጂዎችም ውጥረታቸው ይቀንሳል። የቀሩት ብዙም አይለወጡም። የላይኞቹ ናቸው የሚሸከሙት ወይስ የታችኞቹ የሚለው ክርክር መሐንዲሶችን ሲያነታርክ ኖሯል፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆብስት ብራንት በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ብስክሌት መንኮራኩር በጻፈው መጽሐፍ የታችኞቹ ናቸው ብሎ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ለእኛ የሚያስፈልገን ግን ሁሉም የሚስማማበት ነው፤ ጭነት ራጂን ያላላዋል እንጂ አያጠብቀውም።

ባለ 29 ኢንች መንኮራኩር አንዴ ሲዞር 2.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። 20 ኪሎ ሜትር ብትጋልቡ እያንዳንዱ ራጂ ከ8,000 ጊዜ በላይ ላላ ጠበቅ ይላል። ብረትን የሚገድለው ይህ ምልልስ ነው። ራጂው ከመጀመሪያው በደንብ ከተወጠረ፣ ሲላላም ውጥረት ይተርፈዋል፤ ሞዞው ላይ የታጠፈው ክርኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ከመጀመሪያው የላላ ከሆነ ግን በየዙሩ ጭራሽ ባዶ ይሆናል፤ ክርኑ ይንቀጠቀጣል፣ ቸርኬው ላይ የያዘችው ትንሿ ዳዶ ራሷን እየፈታች ትሄዳለች፣ ጎረቤቶቹ የእሱን ድርሻ ይወስዳሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጧ! ከመጠን ያለፈ ማጥበቅ የሚጎዳው ቸርኬውን ነው፤ ዳዶው የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ራጂውን አይደለም።

ከዚሁ የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ፤ ወፍራም ራጂ ይበልጣል የሚለው። ከዳር እስከ ዳር 2 ሚሊ ሜትር ከሆነው ይልቅ ጫፎቹ 2፣ መሀሉ 1.8 የሆነው ረጅም ዕድሜ አለው። ቀጭኑ መሀል ስለሚለጠጥ ምቱን ራሱ ላይ ያበርደዋል፣ ክርኑም ያርፋል። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፤ ከፈለጋችሁ ከመሪው ላይ ቀንሱ፣ ከዚህ ላይ አትቀንሱ።

ውጥረቱ እኩል መሆኑን ማወቂያው ጆሮ ነው። እንደ ክራር አውታር እያንዳንዱን በጥፍር መምታት፤ በአንድ በኩል ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። የኋላው መንኮራኩር ቀኝና ግራ ግን አንድ ድምፅ አይሰጥም፤ በሰንሰለቱ በኩል ያሉት ለማርሹ ቦታ ሲባል ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ የበለጠ ይወጠራሉ። 148 ሚሊ ሜትር የሆነው ሞዞ ከ142ቱ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ራጂ የሚያያዝባቸው ሁለት ክንፎች በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥተው መንኮራኩሩ በጎን በኩል ይጠነክራል።

ጆሮውን የማያምን መለኪያ ይግዛ። መለኪያውን የሚሠራው ፓርክ ቱል የሴንት ፖል ልጅ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ምሥራቅ ክፍል ውስጥ አንድ የጥገና ሱቅ የያዙት ሃዋርድ ሆኪንስና አርት ኢንግስትሮም ጎንበስ ብሎ መሥራት ሰልችቷቸው ከወዳደቀ ዕቃ የብስክሌት ማቆሚያ ሠሩ፤ ዛሬ ኦክዴል ከተማ የሚገኘው ኩባንያ ሰማያዊ እጀታ ያላቸው መፍቻዎቹ ዓለም ላይ በየጋራዡ ተሰቅለዋል። የራጂ መፍቻዎቹ በቀለም ይለያሉ፤ ጥቁሩ 3.23፣ አረንጓዴው 3.30፣ ቀዩ 3.45 ሚሊ ሜትር። እባካችሁ፣ «ይሄም ይይዛል» ብላችሁ በቀዩ የጥቁሩን ዳዶ አትፍቱ። ጠርዟ ከተበላ ጎማውንም ካላማዳሪውንም አውርዶ ራጂውን መቁረጥ ነው።

ዳዶዋ የናስ ትሁን። የአልሙኒየሟ ቀለሟ ያምራል፣ ትቀላለች፤ የሚኒሶታ ጨው ግን ከቸርኬው ጋር ያጣብቃትና በሁለተኛው ክረምት መፍቻ ስታስገቡባት ትፈረካከሳለች። ራጂው 32 ይሁን፣ ከባድ ሰው ወይም ዕቃ የሚጭን 36 ይውሰድ፤ እያንዳንዱ ራጂ ሌሎች ሦስት ራጂዎችን አቋርጦ ይሂድ፤ ዲስክ ፍሬን ሞዞውን ስለሚጠመዝዝ ቀጥ ብሎ የሚወጣ አሠራር አይሆንም። ሠርቶ ሲጨርስ ጥንድ ጥንዱን በእጁ አጥብቆ የማይጨምቅ ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም፤ ያ ጭመቃ ክርኖቹን በቦታቸው ያስቀምጣቸዋል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላም መልሶ ማስፈተሽ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ፍሬን ዲስክ ይሁን፤ በብርቱ ቅዝቃዜ የማዕድን ዘይት ያለው ስለሚያዘግም በክረምት የሚጋልብ በገመድ የሚሠራውን ቢመርጥ አይጸጸትም። የኋላው ሞዞ ውስጥ በክረምት ወፍራም ግራሶ አይገባም፣ ቀጭን ዘይት ነው፤ አለዚያ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ተጣብቀው ይቀራሉ። ማርሽ፦ ከፊት አንድ ጥርስ ይበቃል። መቀመጫ ለተቀመጠበት ሰው ነው፤ እኔ አያገባኝም።

ብስክሌቱ ካማረ በኋላ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ወደ ጫካው የሚሮጡትን ግን አልፋቸውም። እርጥብ አፈር ላይ የተነዳ ጎማ ቦይ ይቆፍራል፣ ቦዩ ውሃ ያጠራቅማል፣ ያንን የሚደፍኑት ቅዳሜያቸውን ሰውተው አካፋ የያዙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መንገዱ ዝግ ነው ከተባለ ዝግ ነው። ያን ቀን በሚድታውን ግሪንዌይ በኩል ሂዱ፤ አስፋልት ነው፣ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪና የለበትም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፦ ፔዳሉን ስትገጥሙ የግራው ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ይፈታል። በጉልበት አትታገሉት። ሁለቱንም ከመግጠማችሁ በፊት ጥርሳቸውን ግራሶ ቀቡ፤ ያለ ግራሶ አንድ ክረምት ጨው ከጠጡ የሚያስወጣቸው አንድ ሜትር ቱቦ የተቀጠለበት መፍቻ ነው።