ዳቦ ቤትና ደንበኛው

ሰው በየቀኑ ከሚያደርገው ንግድ ኹሉ ዳቦ መግዛት እጅግ ትንሹ ነው። ይኹን እንጂ ይህ ትንሽ ንግድ ያለ ውልና ያለ ምስክር በእምነት ብቻ ይፈጸማል። ገዢው ዱቄቱ ሲነፋ አላየም፤ ሊጡ ሲቦካ አልነበረም፤ ምድጃው እንዴት እንደ ነደደም አያውቅም። ዋጋውን ከፍሎ ለልጆቹ ይዞት የሚገባው ነገር ደግነቱም ክፋቱም የሚታወቀው ከተቈረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ዳቦ ቤት በሰፈሩ ተወዶ ደንበኛው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍለት ቢታይ፥ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ለንግድ ሹሞች ብቻ ሳይኾን የሕዝብ ኑሮ ለሚያሳስበው ኹሉ ይጠቅማል።

በፓሪስ ከተማ ሼርሽ ሚዲ በሚባለው መንገድ በቍጥር 8 የሚገኘው የፑዋላን ዳቦ ቤት ለዚህ ምሳሌ ይኾናል። ይህን ቤት ፒየር ፑዋላን የሚባል ጋጋሪ በ1932 ዓ.ም. መሠረተው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በዚያ ጊዜ የፓሪስ ሰው ልቡን የሰጠው ባጌት ለተባለው ነጭና ቀጭን ዳቦ ነበር። ፒየር ግን በድንጋይ ወፍጮ ከተፈጨ ዱቄት፥ ከውሃ፥ ከባሕር ጨውና ከእርሾ ብቻ፥ የባላገሩን ክብ ዳቦ ቅርፊቱን አጥቍሮ እየጋገረ አቀረበ። አንዱ ዳቦ 1.9 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በላዩም የቤቱ ስም መጀመሪያ ፊደል ተቀርጾበት ይታያል።

ስለ እርሾው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያሻም። ካለፈው ቡኮ ጥቂት አስቀርቶ ለሚቀጥለው ማኖር በየጓዳው የታወቀ ጥበብ ነው። የፑዋላንም ሠራተኞች ከእያንዳንዱ ቡኮ ቍራሽ እያስቀሩ የዛሬውን ዳቦ በትናንቱ ያስነሣሉ። በእርሾ የሚነሣ ሊጥ ሰዓታት ይፈልጋልና ለሚቸኵል ነጋዴ አይመችም። ነገር ግን ነጩ ባጌት ጧት ተገዝቶ ማታ ሲደርቅ፥ ይህ ዳቦ ብዙ ቀን ይቈያል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጣዕሙ ይበልጣል የሚሉ ደንበኞችም አሉ።

ደንበኛው ወደ መደብሩ ሲገባ አስቀድሞ የሚቀበለው ሽታው ነው፤ በእንጨት የሚነደው ምድጃ ከመደብሩ በታች በምድር ቤት ይገኛልና። ዳቦዎቹ በግድግዳው መደርደሪያ ተደርድረዋል። ብዙ ቤተ ሰብ ያለው ሙሉውን ይገዛል፤ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ግን ግማሹን ወይም ሩቡን አስቈርጣ ትሄዳለች፤ ሩብ በመግዛቷም የሚያፍርባት የለም። ተቈርጦ የሚሸጠው በሚዛን ይሸጣል። ደንበኛው ገንዘቡን የሰጠበትን ክብደት በዓይኑ ያያልና ወደ ቤቱ ሲመለስ በልቡ ጥርጥር አይዘውም። በገንዘብ መቀበያው አጠገብም ትንንሽ የቅቤ ብስኩት የሞላበት ቅርጫት ተቀምጧል፤ የገባ ኹሉ አንዳንድ ያነሣል። የብስኩቱ ስም «ቅጣት» ይባላል። እንደሚነገረው፥ አንዲት አያት የልጅ ልጆቿን ልትቀጣቸው እንደ ፈለገች አስመስላ ትጠራና እጃቸውን ሲዘረጉላት ብስኩት ታስጨብጣቸው ነበር።

በመጀመሪያው ዘመን በሰፈሩ ገንዘብ ያጡ ሠዓሊዎች ይኖሩ ነበር። ፒየር ዳቦ ሲሰጣቸው እነርሱ በዋጋው ፈንታ የዳቦ ሥዕል እየሣሉ ያመጡለት ነበር፤ ከነዚያም ሥዕሎች ብዙዎቹ ከመደብሩ በስተኋላ ባለው ክፍል ተሰቅለው ቀርተዋል። የተራበውን ሰው ምጽዋት እንደሚለምን ሳይኾን እንደ ደንበኛ መቍጠር ትልቅ የልብ ጨዋነት ነው።

ዋጋው ከሌላው ዳቦ እንደሚወደድ አይካድም፤ ስለዚህም የሚያጕረመርሙ አልጠፉም። ነገር ግን ዋጋው ተወደደ ብሎ የሚያጕረመርም ሰውና ተታለልሁ ብሎ የሚያጕረመርም ሰው አንድ አይደሉም። የፊተኛው ነገ ተመልሶ ሊገዛ ይችላል።

ልጁ ሊዮኔል ሥራውን በ1970 ተረከበ። ደንበኛው በዝቶ የምድር ቤቱ ምድጃ አልበቃ ባለ ጊዜ፥ በ1980ዎቹ ዓመታት ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው በቢየቭር ታላቅ መጋገሪያ አሠራ። ሌላ ነጋዴ ቢኾን አንድ ታላቅ መኪና ገዝቶ ሠራተኞቹን ባሰናበተ ነበር። እርሱ ግን በእንጨት የሚነዱ 24 ምድጃዎች አቁሞ ለእያንዳንዱ ጋጋሪ የራሱን ምድጃ ሰጠው፤ ዳቦው ቢበላሽ የማን እጅ እንደ ሠራው ይታወቃል። ሊጡን የሚያቦካው ግን መኪና ነው። ሊዮኔል መኪናን የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ ጕልበትን ብቻ የሚጠይቀውን ለመኪና፥ ማስተዋልን የሚጠይቀውን ለሰው ለየ።

የፈረንሳይም መንግሥት ነገሩን ዝም ብሎ አላየውም። በረዶ ኾኖ የመጣ ሊጥ ከፋብሪካ ተቀብለው እያሞቁ የዳቦ ጋጋሪ ሰሌዳ የሚሰቅሉ ሱቆች በዝተው ነበርና፥ በ1993 የወጣው ድንጋጌ «የቤት ዳቦ» ተብሎ የሚሸጠው በሚሸጥበት ስፍራ ተቦክቶ፥ ተድቦልቡሎና ተጋግሮ እንዲኾን አዘዘ። በ1998 የወጣው ሕግ ደግሞ ይህን ኹሉ ራሱ የማያደርግ ሰው ሱቁን የጋጋሪ ቤት ብሎ እንዳይሰይም ከለከለ። ሕጉ የፋብሪካውን ዳቦ መሸጥ አልከለከለም፤ የከለከለው ስሙን ነው። ይህ ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በየደብሩ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ቤተ ልሔም ይባላል፤ ትርጓሜውም የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ ኅብስቱ የማይጋገርበትን ቤት በዚህ ስም የሚጠራ ካህን የለም።

በአዲስ አበባ ዳቦ የሚገዛው ሰው ዘወትር የሚያሰማው አቤቱታ በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ዋጋው ባለበት ቆሞ ዳቦው ግን በእጁ ላይ እየቀለለ መሄዱም ያሳዝነዋል። ፈቃድ የሚሰጠውና ሚዛን የሚቈጣጠረው ሹም ወደ ዳቦ ቤቱ ሲሄድ ወረቀቱን ብቻ አይቶ እንዳይመለስ፥ ሊጡ የት እንደ ተቦካ ይጠይቅ፤ ዳቦውንም አንሥቶ በገዢው ፊት ይመዝን። ሐቀኛው ጋጋሪ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ከሚያታልለው ጎረቤቱ የሚለየው ይህ ነው።

ሊዮኔል ፑዋላን በ1002 ሳይኾን በዘመናችን በ2002 ከሚስቱ ጋራ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ሴት ልጁ አፖሎኒያ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለች ሥራውን ተረከበች። በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሃርቫርድ ስትማር ዳቦ ቤቱን ከዚያው ኾና ታስተዳድር ነበር። ከምድጃው የወጣ ዳቦም ከፓሪስ እየተላከላት፥ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቈርሳ እየቀመሰች ትመረምረው ነበር።