ሻሊያፒንና ባዶው ጥግ

እ.ኤ.አ. በ1908 «ቦሪስ ጎዱኖቭ» የተባለው የሩሲያ ኦፔራ ፓሪስ ላይ ሊቀርብ ቀናት ቀርተውታል። ለመጨረሻው ልምምድ ተመልካች ተጋብዟል፤ አልባሳቱና መድረኩ ግን አልተሟሉም። ሩሲያዊው ዘፋኝ ፊዮዶር ሻሊያፒን ዘውድ ሳይደፋ፣ ፊቱን ሳይቀባ፣ በዘወትር ልብሱ ወጥቶ የንጉሡን የቦሪስን ክፍል ዘፈነ። ንጉሡ ያስገደለው ሕፃን መንፈስ የሚታየው ትዕይንት ላይ ሲደርስ ወደ ባዶው ጥግ አፈጠጠ። አዳራሹ አብሮት ዞረ፤ አንዳንዱም ምን እንደ መጣ ለማየት ከመቀመጫው ተነሣ። ይህን በትዝታ መጽሐፉ የጻፈው ራሱ ሻሊያፒን ነው።

የሻሊያፒን ድምፅ ባስ ነበር፤ ባስ ከወንድ ድምፆች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ኦፔራ ውስጥ የንጉሥ፣ የካህን ወይም የሰይጣን ሚና ይሰጠዋል፤ ብዙዎችም ቀጥ ብለው ቆመው ማስገምገም ይበቃል ይሉ ነበር። ሻሊያፒን ግን ሰው እንደሚያወራ፣ እንደሚለምን፣ እንደሚፈራ አድርጎ ዘፈነ። ፊቱንም የሚቀባው ራሱ ነበር፤ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ይችል ነበር።

በ1873 ካዛን ውስጥ ከድሃ ቤት ተወለደ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሠራ፣ ጸሐፊ ሆነ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዘመረ። ኡፋ ከተማ በአንዲት ትንሽ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያ ሚናውን ሲያገኝ፣ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩ ከቦታው ተነሥቶ ኖሮ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ሳይቀመጥ በፊት ዞር ብሎ ወንበሩን ማየት ለመደ። የዛሬዋ ትብሊሲ ሲደርስ የቀድሞው ኦፔራ ዘፋኝ ዲሚትሪ ኡሳቶቭ ያለ ክፍያ አስተማሩት፤ ችግሩን አይተውም የውስጥ ልብስና ካልሲ ሰጡት።

ቦሪስን ያጠናው ሞስኮ፣ በባለ ሀብቱ ማሞንቶቭ የግል ኦፔራ ቤት ሳለ ነው። ዜማውን ከሙዚቃ ደራሲው ራህማኒኖፍ ጋር አጠና። ታሪኩን ፍለጋ ደግሞ ወደ ታሪክ ሊቁ ክሊዩቼቭስኪ ሄደ፤ ሊቁም ጫካ ለጫካ አብረውት እየተራመዱ የቤተ መንግሥቱን ተንኮለኛ ሹይስኪን እየተጫወቱ አሳዩት። ኦፔራው የተመሠረተው በፑሽኪን ድርሰት ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን የኛ ደም አለበት በምንለው ፑሽኪን።

በ1901 ሚላኖ ወዳለው ላ ስካላ ኦፔራ ቤት ሄዶ የሰይጣን ሚና ተጫወተ። ኦርኬስትራውን የመራው ቶስካኒኒ ነበር፣ ካሩሶም አብሮ ዘፈነ። ለገንዘብ የሚያጨበጭቡ ሰዎች ሒሳብ ሊጠይቁት ቢመጡ አባረራቸው፤ ጭብጨባውን ያለ እነሱ አገኘው።

ለብቻው በሚያቀርበው ኮንሰርት የዘፈን ዝርዝር አስቀድሞ አያወጣም ነበር። ታዳሚው የግጥሞቹን መጽሐፍ ይይዛል፤ ሻሊያፒን ወጥቶ ልቡ ያለውን የዘፈን ቁጥር ይጠራል፣ አዳራሹም ገጽ ይገልጥ ነበር።

በ1922 ከሩሲያ ወጣ፣ አልተመለሰም። ለስደተኛ ልጆች ገንዘብ በመስጠቱ በ1927 «የሕዝብ አርቲስት» የሚለውን ማዕረግ ተነጠቀ። በ1938 ፓሪስ ውስጥ አረፈ፤ አፅሙ ሞስኮ የገባው በ1984 ነው።

ሊሰማው ለሚሻ፣ በ1928 ለንደን ኮቨንት ጋርደን መድረክ ላይ ሳለ የተቀዳው ቦሪስ አለ። ዕድሜው 55 ነው። ያ የጥግ ትዕይንት ሲደርስ ዜማውን ጥሎ ወደ ንግግር ይወርዳል፣ ከንግግርም ወደ ትንፋሽ።