«ሪፒዩትድ» ማለት ዝነኛ ማለት ነውን?

ዘንድሮ ለከፍተኛ ክፍሎች በሰጠናቸው የትርጉም ልምምዶች ብዙ ተማሪዎችን ያሰናከለው «ሪፒዩትድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አብዛኞቹ «ዝነኛ» ወይም «ስመ ጥር» ብለው ተረጎሙት። ግምቱ ያለ ምክንያት አይደለም። «ሪፒዩቴሽን» ዝና መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በህንድ ጋዜጦች የሥራ ማስታወቂያ ላይም «ሪፒዩትድ ኩባንያ» ሲባል የታወቀና የተከበረ ኩባንያ ማለት ነው። በአብዛኛው ግን ቃሉ የሚለው «ነው ይባላል» ነው። ጋዜጣ አንድን ሰው «ሪፒዩትድ ሚሊየነር» ሲለው፣ ጸሐፊው የሰውዬውን ገንዘብ አልቆጠረም፤ ሰዎች የሚሉትን ነገረን እንጂ።

ከ«ሪፒዩታብል» ጋር መምታታትም የለበትም። «ሪፒዩታብል ሐኪም» መልካም ስም ያለው፣ የሚታመን ሐኪም ነው። «ሪፒዩትድ ሐኪም» ግን ሐኪም ነው የሚሉት ሰው ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ዘንድ ለመታከም የሚሄድ ፈቃዱን አስቀድሞ ቢያይ ይሻለዋል!

የቃሉ ሥር በላቲን «ፑታሬ» ነው፤ መቁጠርም ማሰብም ማለት ነው። «ኮምፒዩተር» የመጣው ከዚሁ ሥር ነው። እኛም «ቆጠረ» ስንል ገንዘብ መቁጠርን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ «እንደ ልጁ ይቆጥረዋል»፣ «እንደ አዋቂ ይቆጠራል» እንላለን። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ ቃሉ ሩቅ አይደለም። «አሉ»፣ «ይባላል»፣ «ተብሎ ይታመናል» የሚሉትም በየቦታቸው ይተኩታል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከቡና ታሪክ እንመልከት። ፍየል ጠባቂው ካልዲ ቡናን አገኘ የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። የእረኛውን ወግ በጽሑፍ ከምናገኝባቸው ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ፋውስቱስ ናይሮን በሮም እ.ኤ.አ. በ1671 ያሳተመው ነው፤ እዚያ እረኛው ስም እንኳ የለውም። በየመን ግን ቡና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይጠጣ ነበር። ስለዚህ «ካልዲ ቡናን አገኘ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ማስረጃ ይጠየቃል፤ «አገኘ ይባላል» ያለው ግን ትክክል ነው። ወጉም ውበቱ አይቀንስም።

ከዚህ ቃል ጎን የሚቆም ሌላም አለ፦ «አሌጅድ»። ይህ ለክስና ለጥርጣሬ የሚውል ሲሆን «ፈጽሟል የተባለው» እንደማለት ነው። ፍርድ ቤት ገና ያልወሰነበትን ሰው በደፈናው «ሌባው» ከማለት ይጠብቃል። «ሪፒዩትድ» ግን ከሳሽም አያስፈልገውም፤ ወሬው ብቻ ይበቃዋል።

አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። የልጆቻችን ማኅደር ከአገር አገር፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አብሯቸው ይጓዛል። «ረባሽ ነው ይባላል» የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ከተጻፈ፣ ተቀባዩ መምህር ልጁን ሳያየው ያውቀዋል። ማን አለ? መቼ? ምን ሲያደርግ ታየ? ቃሉ ለአንዱም አይመልስም፤ ጻፊውንም ከኃላፊነት ያወጣዋል፣ «እኔ አላልኩም፣ ሰዎች ናቸው ያሉት» ያሰኘዋል። «በጥቅምት ወር 3 ጊዜ ዘግይቶ ገብቷል» የሚለው ግን ወላጅ ሊጠይቅበት፣ ልጁም ሊመልስበት ይችላል። ወላጆች የልጆቻችሁን የጠባይ መግለጫ ስትቀበሉ ይህን ቃል ወይም ዘመዶቹን ካገኛችሁበት፣ ወደ ቢሮ መልሳችሁ በቦታው የታየው ነገር እንዲጻፍ ጠይቁ።