የቲማቲም ባክቴሪያ ነጠብጣብ፤ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም

በመርሳ፣ በሐራና በወልድያ ዙሪያ ቲማቲም በመስኖ ለሚያለሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ

ባክቴሪያ ነጠብጣብ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ቲማቲምንና ቃሪያን የሚያጠቃ በሽታ ነው። በቅጠል ላይ ትናንሽ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ፍሬው ቅርፊት ያወጣና ገበያ ያጣል። ተዋስያኑ በዘር ተሸጋግረው በዝናብ ፍንጣቂ፣ በእጅና በመሣሪያ ይዛመታሉ። አንድ ማኅበር ከታመመ መደብ ችግኝ ቢያከፋፍል በሽታውንም ለአባላቱ ሁሉ አከፋፈለ ማለት ነው።

አንድ መድኃኒት ለምን አይበቃም?

በአሜሪካ በፍሎሪዳ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በዚህ በሽታ ላይ ይረጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 መድኃኒቱን የተቋቋሙ ተዋስያን መገኘታቸው ተገለጠ፤ በ1983 ደግሞ መዳብን የተቋቋሙ ታወቁ። ከርጭት የሚተርፉት ጥቂቶች ተራብተው ማሳውን ይወርሳሉና።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ብርን፣ አንቲባዮቲክንና ተዋስያን ማጥፊያን በአንድ ደቃቅ ቅንጣት ላይ ማጣመር ጀምረዋል። ብር የተባለው ማዕድን የባክቴሪያውን ሽፋን ስለሚያላላ አንቲባዮቲኩ በቀላሉ ይገባል። ብሩ በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ እስኪለካ ድረስ ሲደቅ ከባክቴሪያው ጋር የሚነካካው ገጽ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደቃቅ ብር ያለበትን ውህድ በቲማቲም ላይ ሞክረው በሽታውን ቀንሷል፤ ውጤቱ ግን ከተለመደው ርጭት ጋር የተቀራረበ ነበር። ብርም ቢሆን ይለመዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በቦስተን በአንድ ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ብርን የተቋቋመ ሳልሞኔላ ተገኝቷል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ባክቴሪያን በብዙ በኩል መግጠም ያስፈልጋል። ይህን ገበሬው በእጁ ባለው ነገር ዛሬውኑ ሊፈጽመው ይችላል።

1. ዘር ከጤናማ ማሳ ይወሰድ። በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ለ25 ደቂቃ ተነክሮ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ። ውኃው ከዚህ በላይ ከሞቀ ዘሩ ይሞታልና በቴርሞሜትር ይለካ፤ አስቀድሞም በጥቂት ዘር ይሞከር።

2. ቢላዋ፣ መቀስና የችግኝ ሣጥን ጭቃቸው በሳሙና ይታጠብ፤ ቆሻሻ የበረኪናን ኃይል ያደክማልና። ከዚያም 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ይነከሩ። ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይሁን።

3. ከቲማቲም በኋላ ቃሪያ ሳይሆን ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ሽንኩርት ይዘራ።

4. ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ወደ ማሳ አይገባ።

ማሳሰቢያ፦ ለሰውና ለከብት የተሠራ አንቲባዮቲክ በቲማቲም ላይ አይረጭ፤ መድኃኒቱን የለመደ ተዋስ ወደ ሰው ቢመለስ የሚያድን ነገር ይታጣል። በረኪና ከአሲድ ጋር አይቀላቀል። በሽታው ሲያጠራጥር የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችን ማማከር ይገባል።