የቀርከሃ ጥንካሬ ሙከራ መረጃ አደረጃጀትና በግራፍ አቀራረብ

የአዊ ዞን ደጋማ አካባቢ፣ በተለይም እንጅባራና ዙሪያዋ፣ በደጋ ቀርከሃ ይታወቃል። በእንጅባራ፣ በኮምቦልቻና በመካነ ሰላም ቀርከሃ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የተክሉ ዕድሜ፣ የተቆረጠበት ወርና የበቀለበት ቦታ በቃጫው ጥንካሬ ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ መርምረዋል። ተለዋዋጮች በበዙ ቁጥር የውጤቱ ተአማኒነት በመፈተሻ ማሽኑ ብቻ ሳይሆን በመረጃው አያያዝም ይወሰናል።

ለምሳሌ ጥርባን ጨምሮ 3 ቦታዎች፣ 3 ዕድሜዎች፣ 2 የቆረጣ ወቅቶችና 3 የግንድ ክፍሎች (ግርጌ፣ መካከልና ጫፍ) ቢመረጡ 54 ምድቦች ይገኛሉ። ከየምድቡ 5 ናሙና ቢፈተሽ ናሙናዎቹ 270 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ የጭነትና የመለጠጥ ኩርባ ይኖረዋል።

የአደረጃጀቱ መሠረት አንድ ረድፍ ለአንድ ናሙና፣ አንድ ዓምድ ለአንድ ተለዋዋጭ መመደብ ነው። ከማሽኑ የወጣው ጥሬ ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል፤ ከሰንጠረዡ ጋር የሚገናኘውም በናሙናው መለያ ቁጥር ነው። ሦስት ዓምዶች ፈጽሞ ሊዘነጉ አይገባም። የመጀመሪያው በፍተሻው ሰዓት የነበረው እርጥበት ነው፤ እርጥብ ቀርከሃ ከደረቀው ይደክማልና። ሁለተኛው ናሙናው የተወሰደበት የግንዱ ግድግዳ ንብርብር ነው፤ ቃጫው ወደ ውጭኛው ገጽ ይበልጥ ይጠቀጠቃል። ሦስተኛው የግንዱ መለያ ነው፤ ከአንድ ግንድ የተሰነጠቁ 5 ናሙናዎች የ5 ግንዶችን ልዩነት አያሳዩም። ይህ ዓምድ ከሌለ የስታቲስቲክስ ፍተሻው የሌለ እርግጠኝነት ያሳያል።

የቀን አመዘጋገብም ጥንቃቄ ይሻል። «ኅዳር» እና «ኖቬምበር» አንድ አይደሉም፤ ኅዳር 1 ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 10 ላይ ይውላል። ስለዚህ ኅዳር 25 የተቆረጠ ግንድ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የዲሴምበር ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ዓምድ ከተቀላቀሉ የወቅት ተጽዕኖ የተባለው የአመዘጋገብ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

በአቀራረብ ረገድ አማካዩን ብቻ የሚያሳይ የዓምድ ግራፍ በቂ አይደለም። ፍራንሲስ አንስኮም በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያቀረባቸው አራት የመረጃ ስብስቦች አማካያቸውና ልይይታቸው ተመሳሳይ ሲሆን፣ በግራፍ ሲታዩ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ስለሆነም እያንዳንዱን ናሙና በነጥብ ማሳየት፣ የአንድ ግንድ ነጥቦችን በአንድ ቀለም መለየት፣ ለየዕድሜው የተዘጋጁ ትንንሽ ግራፎችንም በአንድ ዓይነት መለኪያ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይመረጣል። መለኪያው ከግራፍ ግራፍ ከተለያየ ዐይን ትንሹን ልዩነት ትልቅ አድርጎ ያያል።

እንዲህ የተዘጋጀ መረጃ ሌላ ተመራማሪ ስሌቱን ከጥሬው ፋይል ተነሥቶ እንዲደግም ያስችለዋል፤ ቀርከሃውን በየትኛው ዕድሜና ወቅት መቁረጥ እንደሚሻል የሚሰጠው ምክርም የሚታመነው ያን ጊዜ ነው።