በደፈረሰ ውኃ ውስጥ የዓሣን ቁመት በድምፅ መለካት

አላስካ ውስጥ ያለው የኬናይ ወንዝ የበረዶ ግግር ውኃ ስለሚመግበው ድፍርስ ነው፤ እንቁላል ለመጣል ከባሕር ሽቅብ የሚወጣውን ሳልመን ከዳር ቆሞ መቁጠር አይቻልም። ቢሆንም መቆጠር አለበት። ኪንግ የሚባለው ትልቁ ሳልመን እየተመናመነ በመሆኑ የማስገር ፈቃድ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በቁጥሩ ነው። ችግሩ ሶካይ የተባለው አነስተኛ ዘመዱ በብዙ እጥፍ በልጦ አብሮት ማለፉ ነው። በድምፅ ምስል ላይ ሁለቱን ለመለየት ዋናው መንገድ ርዝመት ነው፤ የግዛቲቱ ባለሙያዎችም ከዓይኑ እስከ ጅራቱ መንታ ድረስ 75 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ለይተው ይቆጥራሉ።

ለዚህ ሥራ ከገቡት መሣሪያዎች አንዱ ዲድሰን ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ይህ የድምፅ ካሜራ በ1.8 ሜጋኸርዝ 96 ቀጫጭን የድምፅ ጨረሮችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ከማሚቶው ምስል ይሠራል። የእያንዳንዱ ጨረር ስፋት 0.3 ዲግሪ ነው። ጨረሩ እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል፦ በ5 ሜትር ላይ 2.6 ሴንቲ ሜትር፣ በ10 ሜትር ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ።

ስሕተቱ የሚበቅለው እዚህ ነው። መሣሪያው የዓሣውን ርቀት በጥራት ይለካል፤ የጎን ስፋትን ግን ከጨረሩ በላይ አጥርቶ አያይም። አፍንጫው የአንዱን ጨረር ጠርዝ ብቻ ቢነካ እንኳ ጨረሩ በሙሉ ይበራና ዓሣው ይረዝማል። ዓሣው ሰያፍ ሲዞር ደግሞ ከጅራቱ የሚመለሰው ድምፅ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚሄድ ጅራቱ ከምስሉ ይጠፋል፤ ዓሣው ያጥራል። እንግዲህ ማሚቶው ምሉዕ የሚሆነው ዓሣው ጎኑን ሲሰጥ ነው፤ ያ አቅጣጫ ደግሞ መሣሪያው አጥርቶ የማያይበት ነው። እኔ በዚህ ቴክኖሎጂ ውስጥ ከባዱ ቋጠሮ ይህ ይመስለኛል።

ሳልመን ሲዋኝ ይተጣጠፋል። ስለዚህ ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ ወደፊትና ወደ ኋላ እያስኬደው ዓሣው ቀጥ ያለበትን ቅጽበት ይፈልጋል፤ ከዚያ ከአፍንጫ እስከ ጅራት መስመር ይስባል። ሁለት አንባቢዎች ለአንድ ዓሣ ሁለት ቁጥር ቢሰጡ አይገርምም። የውኃው ሙቀትም አለ፦ በጨው አልባ ውኃ ድምፅ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሴኮንድ 1447 ሜትር፣ በ20 ዲግሪ 1482 ሜትር ይጓዛል። ሙቀቱ በመሣሪያው ላይ በዚህ ልክ ተሳስቶ ከተሞላ ርቀቱ ከ2 በመቶ በላይ ይዛባል።

ባለሙያዎቹ የልኬቱን ስሕተት ለመፈተሽ ቁመታቸው አስቀድሞ የተለካ ሕያዋን ሳልመኖችን በገመድ አስረው ከመሣሪያው ፊት አዋኝተዋል። በተለያዩ ቦታዎች የተደረጉ እንዲህ ያሉ ፈተናዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ትንንሾቹ ረዝመው፣ ትልልቆቹ አጥረው እንደሚነበቡ ነው። ክብደት ከርዝመት ሲሰላ ደግሞ ጥፋቱ ይባዛል፤ በርዝመት 10 በመቶ መሳሳት በክብደት ወደ 33 በመቶ ይደርሳል።

ስለዚህ የአንዲት ዓሣ ቁመት እንደ እርግጠኛ ቁጥር መቅረብ የለበትም። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓሦች ግን፣ የስሕተቱ ልክና አቅጣጫ በፈተና ከታወቀ፣ ከመንጋው ምን ያህሉ ኪንግ እንደሆነ በስሌት ማውጣት ይቻላል።